ገና ያልተማርነው ገና

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት ግራ ቀኙ ማሽላ ነው። ከጎብዬ እስከ ሮቢት፣ ከቆቦ እስከ ዋጃ ሰዉ አውድማ ላይ ይውላል፤ ዛላው ይቆረጣል፣ ይወቃል፣ ለነፋስ ይሰጣል፤ አገዳው ለከብት ይከመራል። ደገኛው ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ሲሞቅ የራያ ቆለኛ ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል። ልክ በዚህ ሰሞን ነው እንግሊዝኛ እናስተምራለን የሚሉ መጻሕፍትና ስልኮች “የገና ሰሞን ቃላት” የሚል ዝርዝር ይዘው ብቅ የሚሉት። ዝርዝሩ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ ስኖው፣ ስሌይ፣ ሬንዲር፣ ቺምኒ፣ ስቶኪንግ፣ ሚስልቶ፣ ተርኪ። ከሰባቱ አንዱም ቆቦ ገበያ አይሸጥም፣ ራያ ሜዳ ላይ አይግጥም፣ በማንም ጣሪያ ላይ አይታይም። ተማሪው ግን ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ከዶሮው አጥንት ጋር አብሮ ይጥለዋል። የዚህ ወግ ክርክር አጭር ነው፤ የቆቦ ልጅ የገናን እንግሊዝኛ መጀመር ያለበት ከግርግም ነው፤ ሬንዲሩ ይቆየው። ከገና ቃላት ጥንታዊዎቹ እሱ ቤት ናቸው፤ የለንደኑ ልጅ የሚያውቃቸው በስም ብቻ ነው።

ከስኖው እንነሣ። መዝገበ ቃላቱ “በረዶ” ይለናል፤ ችግሩም እዚያው ይጀምራል። በራያ በረዶ የሚባለው ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚዘንበው ነው፤ ዛላ በያዘ ማሽላ ላይ ከወረደ የዓመት ልፋት በሩብ ሰዓት ይጨርሳል። እንግሊዞች በዘፈንም በፖስት ካርድም የሚመኙትን “ነጭ ገና” ወደ ራያ አማርኛ ቃል በቃል ከመለስነው ምኞቱ ወደ እርግማን ይጠጋል። አውድማ ላይ ለቆመ ገበሬ “ገናህን በረዶ ያልብሰው” ብሎ የመረቀ ሰው፣ ጠላ ይቀዳልኛል ብሎ ባይቀመጥ ይሻለዋል። የሚያስቀው ደግሞ እንግሊዞቹም ቢሆኑ ይህን በረዶ ከሚያዩት ይልቅ የሚዘፍኑለት ይበዛል። የብሪታንያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት አንድን ዓመት “ነጭ ገና ነበረ” ለማለት የሚጠይቀው በበዓሉ ዕለት በ24 ሰዓት ውስጥ አንዲት የበረዶ ብናኝ ስትወርድ መታየቷን ብቻ ነው። በዚያ አገር በረዶ የሚበረታው ከገናው በኋላ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ እነሱ በዓመት አንዲት ብናኝ የሚለምኑለትን ቃል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ በላብ የሚያጠናው የቆቦ ልጅ ቁጭ ብሎ ይሸመድደዋል።

ቺምኒና ስቶኪንግም ዕጣቸው ያው ነው። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ጢስ በክዳኑ መሐል መንገዱን ፈልጎ ይወጣል እንጂ ለብቻው የተሠራለት በር የለውም። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነም በሩና መስኮቱ ይበቃዋል። ሳንታ ክሎስ ስጦታውን ተሸክሞ በጢስ መውጫ እንደሚገባ የተነገረው ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው “በሩ ምን ሆነ?” ብሎ ነው፤ ጥያቄውም ልክ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ቀይ ለብሶ በሰው ጣሪያ የሚሄድ እንግዳ፣ ውሻው ከጮኸና አባወራው ከነቃ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ራያን በጣም ማወቅ አያስፈልግም። ስቶኪንግ ካልሲ ነው ይባላል፤ ቆላ ግን የነጠላ ጫማ አገር ስለሆነ ስጦታውን የሚያጠራቅም ካልሲ መጀመሪያ ራሱ በስጦታ መምጣት አለበት። ስሌይ ጎማ የሌለው ጋሪ ነው ሲባል የጋሪ ነጂ ልጅ “ተበላሽቶ ነው?” ይላል። ሬንዲርን አብዛኛው ተርጓሚ “አጋዘን” ብሎ ያልፈዋል። አጋዘን ግን የእኛው ባለ ጠማማ ቀንድ የዱር እንስሳ ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት ሳንታ ክሎስ ከሰሜን ዋልታ ሲነሣ ሠረገላውን የሚጎትቱለት የአፍሪካ ቁጥቋጦ ለምደው ያደጉ ስምንት አጋዘኖች ናቸው። በብርድ ካልሞቱ በግርምት ይሞታሉ።

ተርኪ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ወፉ የአሜሪካ ነው። እንግሊዞች ግን የቱርክ አገር ነው ብለው በቱርክ ስም ጠሩት። ቱርኮች በበኩላቸው “የለም፣ የእኛ አይደለም” ብለው ሂንዲ፣ ማለትም ሕንዳዊ አሉት። ፈረንሳዮች ከቱርኮቹ ጋር ተስማሙ፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ ፔሩ አሉት። ሁሉም ወደ ሰው ደጃፍ ሲገፋው ሲገፋው ሊባኖስ ደረሰ፤ በዚያ አካባቢ ዐረብኛ ስሙ “ሐበሽ” ሆኖ ቀረ። እኛ ሳንጠየቅ፣ አይተነውም ሳናውቅ፣ በባዕድ ሰው ማዕድ ላይ በስማችን የሚበላ ዶሮ አለን ማለት ነው። ሚስልቶ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው፤ የሩቅ መስሎን እንሸመድደዋለን እንጂ ዘመዱ እዚሁ ከግራሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅል፣ ዘሩን ወፍ የምታዳርሰው ጥገኛ ተክል ነው፤ በአማርኛ ተቀጽላ ይባላል። ደብተራና መድኃኒት ዐዋቂ የየትኛው ዛፍ ተቀጽላ ለምን እንደሚሆን ለይተው ያውቃሉ። እንግሊዞች በገና ከደጃፋቸው ይሰቅሉትና ከሥሩ የተገናኙ ወንድና ሴት ይሳሳማሉ። በራያ ግን ከተቀጽላ ሥር ወንድና ሴት ሲሳሳሙ ቢታዩ በማግስቱ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚወያዩትም ስለ ቃላት አይሆንም።

ይህን ዝርዝር ብዙ ሰው የገና ጥንተ ነገር አድርጎ ያየዋል። ዕድሜው ሲጠየቅ ግን ወጣት ነው። ሳንታ ክሎስ ራሱ ሲገለጥ የምናውቀው ሰው ነው፤ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የሚራ ጳጳስ የነበረው ኒቆላዎስ፣ በትውፊት በኒቅያ ከተሰበሰቡት ከ318ቱ ሊቃውንት አንዱ። ስሙ በሆላንዶች አፍ ሲንተርክላስ ሆነ፣ ከእነሱ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ሳንታ ክሎስ ተባለ። ሚራ ያለችው በዛሬዋ ቱርክ ነው፤ ስለዚህ በገናው ገበታ ዙሪያ እውነተኛው የቱርክ ሰው ሳንታ ነው፣ ተርኪው ባዕድ ነው። ስምንቱ ሬንዲሮች ደግሞ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1823 በኒው ዮርክ ግዛት በትሮይ ከተማ ጋዜጣ ላይ በወጣ ግጥም ነው። ዘጠነኛው፣ አፍንጫው የሚያበራው ሩዶልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ የአሜሪካ መደብር ለደንበኞቹ ልጆች በነፃ ለሚያድለው መጽሐፍ ሲባል የተጻፈ ነው። ጳጳሱን ሱቅ ቤት ቀጥረው፣ ልብሱን ለውጠው፣ እንስሳ ጨምረውለት መለሱልን፤ እኛም በ318ቱ መካከል የምናስበውን ሰው ሳናውቀው ተቀበልነው። ቻይና የተሠራ የፕላስቲክ ጥድ አቁመን፣ ለጋቢ የሚፈተል ጥጥ በትነን በረዶ ነው አልን። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያውም ወርቅ ቢሆን።

አሁን ወደ ሌላው ዝርዝር እንምጣ፤ መምህሩ “ይሄ የታወቀ ነው” ብሎ ወደሚዘለው። ሜንጀር ከብት የሚበላበት ግርግም ነው፤ ቃሉም ከፈረንሳይኛው “መብላት” ከሚለው የመጣ ነው። ለንደን ውስጥ ልጆች ይህን ቃል የሚያውቁት በገና ዝማሬና ትምህርት ቤት በሚሠሩት የልደት ተውኔት ነው፤ አብዛኞቹ ግርግም በዓይናቸው አላዩም። የቆቦ ገጠር ልጅ ግን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በረቱን ጠርጎ፣ ለበሬው አገዳ ጥሎለት ነው የመጣው። ሼፐርድ እረኛ ነው፤ እዚህ እንዲያውም እንግሊዝኛው ይጠባል፣ ሼፐርድ የበግ ጠባቂ ብቻ ነውና። ፍየል፣ ከብትና ግመል የሚያግድ የራያ እረኛ ለራሱ ሦስት ሌላ ስም ሊማር ነው። ፍራንክንሰንስ እጣን ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያለው “ፍራንክ” በጥንቱ ፈረንሳይኛ ምርጥና ንጹሕ ማለት ነው። ምርጡን ከተራው ለመለየት ደግሞ ቡና የሚጠጣበት ቤት ያደገ ልጅ አፍንጫ በቂ መምህር ነው። የእንግሊዙ ልጅ ሰብአ ሰገልን ሆኖ ሲተውን ባዶ ቆርቆሮ ተሸክሞ “እጣን” ይላል፤ የእኛው ልጅ ግን ጢሱ ልብሱ ላይ አለ።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ፤ ከእነዚህ ጥንታዊ ቃላት አንዳንዶቹ ከእኛው ሥር የበቀሉ ናቸው። ካሜል የሚለው ቃል በግሪክና በላቲን በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መነሻው ሴማዊ ነው፤ “ግመል” ብሎ አጠገቡ ያኑሩት፣ መልካቸው ይመሳሰላል። ከርቤ በእንግሊዝኛ ሜር ይባላል፤ እሱም መራራ ማለት ከሆነው ሴማዊ ሥር የመጣ ነው፣ በግእዙም በትግርኛውም መሪር እንደምንለው። ቆቦ ላይ አማርኛ ከትግርኛ ጋር በአንድ ገበያ ስለሚውል ልጁ ይህን ቃል በሁለት ጆሮው ሰምቶታል። ቤተልሔም ደግሞ ሁሉን ይበልጣል። በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ በየደብራችን ግቢ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ቤት እስከ ዛሬ ቤተልሔም ትባላለች፤ ትርጉሙ አልተነካም። በለንደን በቤተልሔም ስም እ.ኤ.አ. በ1247 የተመሠረተ ገዳም ነበር፤ ኋላ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ሆነ፣ ስሙም በሰፈሩ ሰው አፍ ቤድላም ሆኖ አረፈ። ዛሬ ቤድላም በእንግሊዝኛ ትርምስ፣ ሁካታ ማለት ነው። አንዱ ቃል እኛ ዘንድ ዳቦ ሲጋግር እነሱ ዘንድ አበደ። እንዲህ ያለውን የሰማ ተማሪ ቃሉን ለመርሳት ቢታገል እንኳ አይሳካለትም፤ ቃል የሚይዘው የሚንጠለጠልበት ችካል ሲያገኝ ነውና።

የችካሉ ነገር ለአዲሶቹም ቃላት ይሠራል። ካንዲ ኬን በገና ሰሞን የሚመጠጥ የከዘራ ቅርጽ ያለው ከረሜላ ነው ብሎ ማስረዳት ይቻላል፤ “የፈረንጅ ጥንቅሽ ነው” ማለት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ልጁ ጥንቅሽ በጥርሱ ልጦ የሚመጥበት ወራት ገና አላለፈም። ቦክሲንግ ደይን ብቻውን የሰማ ተማሪ የቡጢ ቀን ነው ብሎ ይደመድማል፤ ስሙ ግን የመጣው በገና ማግስት ጌቶች ለሎሌዎቻቸው ይሰጡት ከነበረው ቦክስ፣ ማለትም ሣጥን፣ እንደሆነ ይነገራል። ቢሳሳትም ግን አይፈረድበትም፤ በእኛ የገና ጨዋታ ዱላው ሩሩን ስቶ ቅልጥም ሲያገኝ አይቷል። ሁለቱ በዓላት እዚህ ላይ ሳይተዋወቁ ይገናኛሉ። እነሱ በዓመት አንዴ ሎሌውን በስጦታ ያስደስቱት ነበር፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ስለተባለ ሎሌው ራሱን በራሱ ያስደስታል። ጨዋታውም እረኞቹ የልደቱን የምሥራች ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ሩር መምታታቸው መታሰቢያ ነው ይባላል፤ ሼፐርድ የሚለው ቃል እንደገና መጣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው ራሱ ባዶ እጁን የሚቆምበት ቦታ ይመጣል፤ ተማሪው በጣም የሚማረውም እዚያ ነው። ቅርጫን በእንግሊዝኛ ተናገር ይባል። አሥር አባወራ አንድ በሬ ይገዛሉ። በሬው ይታረድና ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሻኛውም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል፤ አንዱ መደብ ትንሽ ጎድሎ ከታየ ከወፍራሙ ቆርሰው ይጨምሩበታል። ከዚያ ሁሉም ምልክት ያዋጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የግራር እሾህ። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያኖራል። ቁልፉ ያረፈበት የባለ ቁልፉ ነው፤ ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም። ለዚህ ነገር እንግሊዝኛ ሥጋ ሻጭ የሚል ቃል አለው፣ ድርሻ የሚል ቃል አለው፣ ሎተሪ የሚል ቃል አለው፤ ቅርጫ የሚል ግን የለውም። ሙስሊም ጎረቤት በገና ዕለት እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲመጣ በሙስሊም እጅ የታረደ ለብቻ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ነገርም እንዲሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ለመሥራት የሚታገል ተማሪ “ከዚያ በኋላ” የሚለውን፣ “እያንዳንዱ” የሚለውን፣ “የሚባል” የሚለውን በእንግሊዝኛ ይማራል። ሬንዲርን የሸመደደው የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያውም የማይጠራውን እንስሳ ስም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። የመጀመሪያው “ቋንቋን ከነባህሉ ካልተማሩት አልተማሩትም፤ እንግሊዝኛ ከፈለግህ የእንግሊዝን ገና ተቀበል” የሚል ነው። ጥሩ፤ ግን የየትኛውን እንግሊዝኛ? በአውስትራሊያ ገና የሚውለው በበጋ ነው፤ ሰዉ በባሕር ዳር ካናቴራ ለብሶ ያከብረዋል፣ እንግሊዝኛውም አልጎደለበትም። በሌጎስና በናይሮቢ በእንግሊዝኛ የሚዘምሩ ክርስቲያኖች በረዶ ሳይጠብቁ ገናን ያከብራሉ። ቋንቋው ከበረዶው ከወጣ ቆይቷል፤ ዝርዝሩ ብቻ ነው እዚያው የቀረው። የቅርቡን ምሳሌ ከፈለግን በነሐሴ ልጃገረዶች የሚጫወቱትን እንይ፤ ዋግ ሻደይ ይለዋል፣ ላስታ አሸንድዬ ይለዋል፣ ራያ ቆቦ ሶለል ይለዋል። ዋጌው ሻደይን ለመጫወት መጀመሪያ ላስቴ ሁን ተብሎ አያውቅም። ቃል ድንበር ሲሻገር የሄደበትን አገር ልብስ ይለብሳል፤ ክሪስማስ የሚለው ቃል ራሱ የክርስቶስ ቅዳሴ ማለት ነው፣ ገናም ከግሪክኛ የልደት ቃል የመጣ ነው ይባላል። ሁለቱም እንግዳ ነበሩ፤ ዛሬ ግን አንዱም ከየቤቱ ውጣ አይባልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። “ልጅ ያየውን ብቻ ይማር ካልን ትምህርት ምን ይሠራል? የቆቦ ልጅ ባሕር አላየም፤ ባሕር አይማር?” ይላል። ይህ ልክ ነው፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ያለው ተረት ትምህርት ቤት አልገባም። እንዲያውም ለተቃዋሚው የሚጠቅም ማስረጃ ከእኛው ዘንድ አለ። ግእዝ ለስኖው አስሐትያና ሐመዳ የሚሉ ቃላት አሉት፤ ዳዊት የደገመ የቆላ ልጅ ሁሉ አፉ ላይ ነበሩ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 የንጽሕና ምሳሌ ሆኖ የቀረበው አመዳይ ነው። አመዳይን በዓይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ምናልባት ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን አቡነ ዮሴፍን በብርድ ወራት የወጣ። ታዲያ ያላዩት ቃል እንዴት ለብዙ መቶ ዓመት ተያዘ? በዝርዝር አልመጣም። በጸሎት፣ በዜማ፣ በምሳሌ፣ በየቀኑ ድግግሞሽ መጣ፤ ኃጢአት እንዴት እንደሚነጻ ሊነግር መጣ። ሥራ ይዞ ስለመጣ ቀረ። እንግዲህ ሬንዲርም ይምጣ፤ ግን ተረቱን ይዞ ይምጣ፣ ከግርግሙ በኋላ ይምጣ፣ ስሙንም አጋዘን ብሎ አያታልለን። ክርክሩ የቅደም ተከተል ነው፤ የታወቀው ይቀድማል፣ ያልታወቀው በታወቀው ላይ ይሰቀላል።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ተግባር ወዳድ ነው፤ “እንግሊዝኛ የሚፈለገው ከእንግዳ ለመነጋገርና ፈተና ለማለፍ ነው” ይላል። እንግዳውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ላሊበላ እዚሁ ሰሜን ወሎ ውስጥ ነው። በገና ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ገደል አፋፍና ከሥሩ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ለማየት ከራያም በእግሩ የሚጓዝ ምእመን አለ፣ ከባሕር ማዶም በአውሮፕላን የሚመጣ ቱሪስት አለ። ያ ቱሪስት ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘው ስለ ሳንታ ክሎስ ሊሰማ አይደለም፤ እሱን ቤቱ ትቶት ነው የመጣው። የሚጠይቀው ስለ ጾሙ፣ ስለ ከበሮው፣ ስለ መቋሚያው፣ ስለ ጸናጽሉ ነው። ጸናጽል በእንግሊዝኛ ሲስትረም ይባላል፤ ይህን ቃል አብዛኛው እንግሊዛዊ አያውቀውም። አንድ የራያ ልጅ ለእንግሊዛዊ እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት አጋጣሚ በየቀኑ አይገኝም፤ ያን ቀን ቺምኒ እያለ ባያባክነው ጥሩ ነው። የቀን አቆጣጠሩም ቢሆን መማሪያ ነው። የእነሱ ገና በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፤ እኛ ከኅዳር 15 የጀመርነውን የነቢያት ጾም ገና አልፈታንም። እነሱ አድቬንት በሚሉት የገና መጠበቂያ ሳሉ ልጆቻቸው በየቀኑ ከቀን መቁጠሪያቸው ላይ አንዲት መስኮት ከፍተው አንዲት ቸኮሌት ይበላሉ፤ እኛ ደግሞ ከአርባ ቀን በላይ ጾመን ታኅሣሥ 29 ላይ፣ በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ፣ መስኮቱን ሁሉ ባንዴ እንከፍታለን። ይህን ልዩነት በእንግሊዝኛ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ፈተናም አይከብደውም።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚያሰኘውን ደግሞ የበዓል ሰሞን ማስታወቂያ ላይ እናገኘዋለን። “ሜሪ ክሪስማስ” ሲጻፍ ኢ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታዋን ለኤ ትለቅና ትርጉሙ “ገናን አግቡት” ይሆናል። እንግሊዝኛ ዐዋቂው ይስቃል። በራያ ዓይን ሲታይ ግን ስሕተቱ ከትክክሉ የተሻለ መልእክት አለው። ማሽላው ገብቷል፣ ጾሙ ተፈትቷል፣ ጥር ደርሷል፣ ጥር የሰርግ ወር ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ በየመንደሩ የሚታሰበው በእርግጥ ማግባት ነው። ጸሐፊው ፊደል ቢስትም አገሩን አልሳተም። እንግሊዝኛችንም ከተሳሳተ እንዲህ ወደ ቤት ቢሳሳት ይሻላል።

በመጨረሻ ሁለት መልሶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ፈታኙ “በገና ምን ታደርጋላችሁ?” ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። አንዱ ተማሪ ያለ አንዳች የሰዋስው እንከን ሳንታ ክሎስ በስኖው ላይ በስሌይ መጥቶ በቺምኒ እንደሚገባ፣ ስጦታውንም በስቶኪንግ እንደሚያኖር ይናገራል። ሌላው እየተደናቀፈ፣ ያለፈውን ጊዜ ከአሁኑ እያምታታ፣ አርባ ምናምን ቀን እንደሚጾሙ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን እንደሚያድሩ፣ አሥር ቤት አንድ በሬ እንደሚካፈል፣ የአባቱ ቁልፍ የወደቀበት መደብ ላይ ሻኛው ወፍራም እንደነበረ ይናገራል። የመጀመሪያው መልስ ሰዋስዉ የሞላ ውሸት ነው፤ ተማሪው አንዱንም አላደረገም። ሁለተኛው ግሡ የጎደለ እውነት ነው። ግሥ በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል፤ ሰው የራሱን ቤት በሌላ ቋንቋ መንገር ከለመደ የቀረው የልምምድ ጉዳይ ነው። ስለዚህ መምህሩ ጠመኔውን ሲያነሣ የመጀመሪያዋ ቃል ሜንጀር ትሁን። “ይህን ያየ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ እጁ ላይ የአገዳ ሽታ ያልለቀቀው ልጅ እጁን ያወጣል።